የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የስብስብ ወጪና የወደፊት አያያዙ፤ ከኦሞራቴ ሲታይ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰማ ንግግር




መንገድ፣ ድልድይ ወይም ግድብ ከመሠራቱ በፊት ጥናት ይካሄዳል፤ ወጪው ከጥቅሙ ጋር ይመዛዘናል፤ የአገልግሎት ዘመኑ ይገመታል፤ የእድሳቱም ነገር አስቀድሞ ይታሰባል። ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚመደበው ገንዘብ ግን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ካለው ምርመራ ያመልጣል። በጀቱ ሲፈቀድ የመጻሕፍት ዝርዝር ከየትምህርት ክፍሉ ይሰበሰባል፤ ጨረታ ይወጣል፤ ግዥው ይፈጸማል፤ የበጀት ዓመቱም ይዘጋል። የተገዛው ነገር ማንን እንዳገለገለ፣ ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ምን እንደሚተርፍ የሚጠይቅ አይገኝም።

የዛሬው ንግግር ይህን ጥያቄ ኦሞራቴ ላይ ቆሞ ይመለከተዋል። ኦሞራቴ በደቡብ ኦሞ ዞን፣ በዳሰነች ወረዳ፣ በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኝ፣ ለኬንያ ድንበር የቀረበች፣ ከፍታዋ 400 ሜትር እንኳ የማይሞላ የቆላ ከተማ ናት። ለእርስዋ ቅርብ የሆነው ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የጂንካ ዩኒቨርሲቲ ነው። የመስኖ ቦይ ብቃት የሚለካው የመጨረሻው ማሳ ላይ በሚደርሰው ውኃ ነው፤ የአገሪቱ የዕውቀት ቦይም እንዲሁ በመጨረሻው ማሳ ሊለካ ይገባዋል።

ሀ. ወንዙና መዝገቡ

የኦሞ ወንዝ ከከፍተኛው የአገራችን ምድር ተነሥቶ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ሐይቁ ከሚያገኘው የወንዝ ውኃ እጅግ የሚበዛውን የሚሰጠው እርሱ ነው። የዳሰነች ሕዝብ ከብት ከማርባቱ ጋር፣ ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ እየዘራ ኖሯል። በነሐሴ ወር 1998 ዓ.ም. ሙላቱ ከልክ አልፎ በዚሁ አካባቢ ከ300 የሚበልጥ ሰው አለቀ። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. 243 ሜትር ከፍታ ያለውና 1,870 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የሚችለው የግልገል ጊቤ ሦስተኛው ግድብ ተመረቀ፤ የወንዙም የአፈሳሰስ ሥርዓት ተለወጠ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ደግሞ የሐይቁ ወለል ከፍ በማለቱና ወንዙም በመሙላቱ በዳሰነች ወረዳ በርካታ መንደሮች በውኃ ተይዘው ነዋሪዎቻቸው ተፈናቅለዋል።

እንግዲህ በኦሞራቴ አካባቢ የውኃ መከላከያ እንዲነድፍ ወይም ለጤና ጣቢያ ቦታ እንዲመርጥ የታዘዘ አንድ መሐንዲስ አለ እንበል። የመጀመሪያ ጥያቄው «ውኃው ከዚህ ቀደም እስከ የት ደርሶ ያውቃል?» የሚል ይሆናል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ጽሑፍ አለ። ካርል ቡትዘር የተባለው ሊቅ ስለ ኦሞ ዴልታና ስለ ሩዶልፍ ሐይቅ ከፍታ፣ ማለት ስለ ዛሬው ቱርካና፣ ያዘጋጀው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1971 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍል ታትሟል። ጥናቱ የቀድሞ መንገደኞችን ዘገባ፣ ካርታዎችንና በመሬቱ ላይ የቀሩ ምልክቶችን አገናዝቦ፣ ሐይቁ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወለሉ ከ15 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ እንደ ነበር ያሳያል። በመሆኑም ዛሬ እንደ አዲስ መቅሠፍት የታየው የውኃ ከፍታ ከ50 ዓመት በፊት በተጻፈ ጥናት ውስጥ ቀዳሚ ታሪክ ያለው ነገር ነው።

የቡትዘር ጥናት ብቻውን አይደለም። ክላውዲያ ካር ስለ ዳሰነች አርብቶ አደሮች የጻፈችው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1977 ታትሟል፤ የኡሪ አልማጎር መጽሐፍ በዓመቱ፣ በ1978 ማንቸስተር ላይ ወጥቷል። ከ1967 ጀምሮ በታችኛው ኦሞ ሸለቆ የተሠማራው ዓለም አቀፍ የምርምር ጓድ ውጤቱን በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ አሳትሟል፤ ሸለቆውም በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ለውኃ ሀብት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1996 የተዘጋጀው የኦሞ ጊቤ ተፋሰስ የተቀናጀ የልማት ማስተር ፕላንም አለ። ይህ የመጨረሻው በመጽሐፍ መደብር የሚሸጥ አይደለም። እንዲህ ያሉ የጥናት ሰነዶች በጥቂት ቅጂ ተባዝተው በየመሥሪያ ቤቱ ቁም ሣጥን ይቀመጣሉ፤ መሥሪያ ቤቱ ስሙን ወይም ሕንጻውን ሲለውጥ ደብዛቸው ይጠፋል። ጥናቱን እንደገና ለማካሄድ የሚጠይቀው ገንዘብ ሰነዱን ለመጠበቅ ከሚጠይቀው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ለ. የምንዛሪና የዋጋ ነገር

የወደፊቱን ወጪ የሚያስብ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ከሁሉ በፊት የሚገጥመው የውጭ ምንዛሪ ነው። የአገራችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። የ2017 በጀት ዓመት በገባ በ22ኛው ቀን፣ ማለት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር 57 ብር ያህል ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ከ120 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ የዓመት ዋጋው 1,000 ዶላር የሆነ አንድ የምርምር መጽሔት በሰኔ ወር 57,000 ብር ያህል ሲጠይቅ፣ በታኅሣሥ ከ120,000 ብር በላይ ጠየቀ። መጽሔቱ አንድ ገጽ እንኳ አልጨመረም፤ አስቀድሞ በብር የተመደበው ገንዘብ የመግዛት ኃይሉ ግን ከግማሽ በታች ወረደ።

ምንዛሪ በማያሳስባቸው አገሮችም ቢሆን ነገሩ ቀላል አልሆነም። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ የምርምር ቤተ መጻሕፍት ከ1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጽሔቶች የሚያወጡት ገንዘብ ከአጠቃላዩ የዋጋ ንረት እጅግ ፈጥኖ አደገ፤ ለመጻሕፍት መግዣ የሚውለውም ተሸረሸረ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ አሳታሚዎች መጽሔቶቻቸውን በአንድ ጥቅል መሸጥ ጀመሩ። ጥቅሉ መጀመሪያ ላይ ርካሽ መስሎ ታየ፤ ውሎ አድሮ ግን ገዢው የሚፈልገውን ከማይፈልገው ለይቶ ለመተው አልቻለም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በየካቲት 2019 እ.ኤ.አ. ከኤልሰቪየር ጋር የነበረውን ውል አቋረጠ፤ አዲስ ስምምነት የተደረሰው ከሁለት ዓመት በኋላ በመጋቢት 2021 ነው። እንዲህ ያለ ባለጸጋ ዩኒቨርሲቲ በዋጋ ምክንያት ውል ካቋረጠ፣ በአዲስ የተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ ተመሳሳይ ጥቅል ለብቻው ለመግዛት መነሣቱ የሚያዛልቅ መንገድ አይሆንም።

ከዚህ ላይ አንድ ልዩነት በሚገባ መጤን አለበት። የተገዛ መጽሐፍ በጀቱ ቢቋረጥም በመደርደሪያው ላይ ይቀራል። የደንበኝነት ክፍያ ግን፣ ውሉ በግልጽ ሌላ ካላለ በስተቀር፣ የቤት ኪራይ ነው፤ ክፍያው ሲቆም በሩ ይዘጋል። ኪራይ መክፈል ጥፋት አይደለም፤ ያለውን ገንዘብ ሁሉ ለኪራይ አውሎ አንድም የራስ ነገር ሳይዙ መቅረት ግን ጥፋት ነው።

ሐ. ወጪው በሦስት ቢከፈል

ስለሆነም የስብስብ ወጪ እንደ አንድ ድምር ከሚታይ ይልቅ በሦስት ቢከፈል ይሻላል።

አንደኛው የዕለት እንጀራ የሆነው ነው። ይኸውም ተማሪው በየዕለቱ የሚፈልገው የመማሪያ መጽሐፍ ነው። የዚህ መለኪያው ለእያንዳንዱ ንባብ የወጣው ወጪ ነው። ለምሳሌ ያህል 3,000 ብር የተገዛ የሃይድሮሊክስ መማሪያ በዓመት 60 ጊዜ ቢነበብና 5 ዓመት ቢያገለግል፣ አንዱ ንባብ 10 ብር ወጣበት ማለት ነው። በ120,000 ብር የተያዘ መጽሔት በዓመቱ 12 ጊዜ ብቻ ቢነበብ፣ አንዱ ንባብ 10,000 ብር ወጣበት። ይህ ስሌት ቀላል ነው፤ የውሰት መዝገብ በትክክል የሚይዝ ቤተ መጻሕፍት ሁሉ ሊሠራው ይችላል።

ሁለተኛው ኪራይ የሆነው ነው። የምርምር መጽሔቶችና የኤሌክትሮኒክ ስብስቦች ከዚህ ይመደባሉ። የእነዚህ ደንብ ሁለት ነው፤ በነጻ የሚገኘውን አለመግዛት፣ የሚገዛውንም በኅብረት መግዛት።

ሦስተኛው ዘር የሆነው ነው። ገበሬ ምርቱን ሲሰበስብ ለከርሞ የሚዘራውን ለይቶ ያስቀምጣል፤ ክፉ ቀን ቢመጣም ዘሩን ላለመብላት ይታገላል። በቤተ መጻሕፍትም ሌላ ማንም የማይጠብቀው፣ ከጠፋ የማይተካ ጽሑፍ አለ። ስለ ታችኛው ኦሞ የተጻፈው ጥናት፣ የወንዙ ከፍታ መዝገብ፣ ያልታተመው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ በዳሰነች፣ በሐመር፣ በኛንጋቶምና በሌሎቹ የአካባቢው ቋንቋዎች የተቀዳው ቃል ሁሉ ከዚህ ወገን ነው።

የዕለት እንጀራው መለኪያ በዘሩ ላይ ከዋለ ግን አደጋ አለው። በአሜሪካ የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ የታወቀ ጥናት፣ በ1969 ከገዛቸው መጻሕፍት 40 በመቶ ያህሉ እስከ 1975 መጨረሻ አንድ ጊዜ እንኳ በውሰት አለመውጣታቸውን አረጋገጠ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ በግምት የሚገዛ ብዙ መጽሐፍ ሥራ ፈት ይሆናል። ሆኖም የቡትዘርን ጥናት የመሰለ ስስ መጽሐፍ በዚሁ ሚዛን ቢመዘን ከመደርደሪያው የሚወርደው ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነው። በ20 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ሊነበብ ይችላል፤ ያ አንድ ጊዜ ግን መከላከያው በምን ከፍታ ይሠራ የሚባልበት ቀን ነው። የጎርፍ መውጫ የሚነደፈው በየቀኑ ለሚያልፈው ውኃ ሳይሆን በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ ለሚመጣው ሙላት መሆኑን የዚህ ጉባኤ ተሳታፊዎች ከማንም በላይ ያውቁታል።

መ. ነጻ የሆነው ነገር ወጪ

ያለ ክፍያ የሚነበበው ጽሑፍ መብዛቱ የዘመናችን ታላቅ ዕድል ነው። ከላይ የተጠቀሰችው ክላውዲያ ካር በ1977 ያሳተመችው መጽሐፍ ሲወጣ በግዥ የሚገኝ ነበር። ስለ ኦሞና ስለ ቱርካና ተፋሰስ በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣችው መጽሐፍ ግን ማንም ሰው በነጻ ሊያወርደው የሚችል ነው፤ በድምዳሜዋ የሚስማማም የማይስማማም እኩል ሊያነበው ይችላል። አንድ ደራሲ፣ አንድ ወንዝ፣ ሁለት የግዥ ዘመን። ከዚህም በላይ ሂናሪ በሚል ስም በ2002 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና ዛሬ በሪሰርች ፎር ላይፍ ሥር የተጠቃለለው መርሐ ግብር በጤና፣ በእርሻ፣ በአካባቢ ጥበቃ፣ በቴክኖሎጂና በሕግ የተጻፉ የምርምር መጽሔቶችን ለአገራችን ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ከማናቸውም የመጽሔት ግዥ በፊት ይህን በር ማንኳኳት ግዴታ መሆን አለበት።

ይሁንና ነጻ የተባለው ነገር ሁሉ ወጪ የለውም ማለት አይደለም። አንደኛ፣ አንባቢው ያልከፈለውን ደራሲው የሚከፍልበት አሠራር ተስፋፍቷል። ኔቸር የተባለው መጽሔት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ጽሑፍ በነጻ እንዲነበብ ለማሳተም 9,500 ዩሮ አስከፍሏል። ወጪው ከንባብ ወደ ማሳተም ሲሸጋገር የዩኒቨርሲቲዎቻችን ተመራማሪዎች በር ላይ አዲስ ቀረጥ እንዳይቆም መጠንቀቅ ያሻል። ሁለተኛ፣ በነጻ የሚገኘው ጽሑፍ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ የመገናኛ መሥመር፣ ኮምፒዩተርና የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል። ሦስተኛ፣ ሁልጊዜ ይኖራል ተብሎ አይታመንም፤ የለጋሹ ፈቃድ ከተለወጠ ይቆማል።

የወረቀት መጽሐፍም ቢሆን ከተገዛ በኋላ ወጪው አያበቃም። ኩራንትና ኒልሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ስሌት፣ አንድ መጽሐፍ በክፍት መደርደሪያ ለማኖር በዓመት 4.26 ዶላር፣ በታመቀ መጋዘን ለማኖር 0.86 ዶላር ያስወጣል። አኃዙ የዚያ አገር ነው፤ ሕንጻን፣ መብራትንና ደመወዝን የሚመለከተው ሐሳቡ ግን ለሁሉም ይሠራል። በኦሞራቴ ቆላ በሕንጻውና በመብራቱ ላይ ሙቀቱ፣ አቧራውና ምስጡ ይጨመራሉ። ስለዚህ ከወለል ከፍ ያለ የብረት መደርደሪያ፣ አየር የሚያዘዋውር መስኮትና በየጊዜው የሚደረግ የምስጥ ቁጥጥር ከመጽሐፉ ዋጋ ጋር አብረው በበጀት መያዝ አለባቸው።

ሠ. በኅብረት መግዛት፣ በድርሻ መጠበቅ

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ በጣት ከሚቆጠሩት ተነሥቶ ከ40 በላይ ደርሷል። እያንዳንዱ ለብቻው ወደ ገበያ ከወጣ አንዱን ጽሑፍ 40 ጊዜ የመግዛት አደጋ አለ። የአካዳሚክና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ኅብረት መቋቋሙ ለዚህ ጥሩ መሠረት ነው፤ የሚጎድለው ለኅብረቱ ቋሚ የሆነ፣ በየዓመቱ የሚታወቅ መዋጮ ነው።

በኅብረት ከመግዛት የሚበልጠው ግን በድርሻ መጠበቅ ነው። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ከ1948 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. በፋርሚንግተን ዕቅድ ዓለምን ተከፋፍለው፣ በውጭ አገር ከሚታተመው ጠቃሚ መጽሐፍ ቢያንስ አንድ ቅጂ በአንዳቸው ዘንድ እንዲገኝ አድርገው ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ከ1966 ጀምሮ ናይሮቢ ላይ ቢሮ ከፍቶ የኢትዮጵያን ጭምር የምሥራቅ አፍሪካ ኅትመቶችን ይሰበስባል። ባዕድ አገር ስለ እኛ የተጻፈውን ገንዘብ መድቦ ሲሰበስብ ባለቤቱ ቸል ሊል አይገባውም።

በአገር ውስጥም አርአያ አለ። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን በመሰብሰብ ታላቅ ሥራ ሠርቷል። ሆኖም የአንድ ሰፊ አገር መዝገብ ሁሉ በአንድ ሕንጻ ሊከተት አይችልም፤ በአንድ ቦታ መከማቸቱም በእሳትም ሆነ በሌላ አደጋ ረገድ ደግ አይደለም። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢውን መዝገብ በአደራ ቢይዝ፣ ለጂንካ የሚደርሰው ድርሻ የታችኛው ኦሞ ይሆናል። በከተማው የሚገኘው የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል ለዚህ ተፈጥሯዊ ባልንጀራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የዚያን ጊዜው የሳይንስና የከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው ብሔራዊ ፖሊሲም፣ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ የምርምር ጽሑፍ በየዩኒቨርሲቲው የኤሌክትሮኒክ ማኅደርና በብሔራዊው ማኅደር እንዲቀመጥ ስለሚያዝ መንገዱን ጠርጓል።

ረ. ለውይይት የቀረበ ሐሳብ

ከዚህ በላይ የተባለውን ወደ አኃዝ ለመመለስ ያህል፣ ለስብስብ ከሚመደበው ከእያንዳንዱ 100 ብር ውስጥ 45 ብር ለመማሪያ መጻሕፍት፣ 20 ብር በኅብረት ለሚከፈል ደንበኝነት፣ 20 ብር ለአካባቢው መዝገብ፣ 15 ብር ለጥበቃና ለማድረሻ ቢመደብ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። አኃዙ በውይይት ሊሻሻል ይችላል። ሊሻሻል የማይገባው ሁለት ነገር ነው፤ የምንዛሪ ዋጋ ሲያሻቅብ የሚቀነሰው ከኪራዩ ይሁን፣ ዘሩ አይነካ።

ለማድረሻ የተባለው ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። አንድ ትንሽ ሰርቨር፣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳና ባትሪ፣ ጥቂት ኮምፒዩተሮች በኦሞራቴ በአንድ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ቢተከሉ፣ በነጻ የሚነበቡት መጻሕፍትና የአካባቢው መዝገብ ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓት እንኳ ሊነበቡ ይችላሉ። በየመንፈቀ ዓመቱ ከጂንካ በቱርሚ በኩል የሚወርድ የዩኒቨርሲቲ መኪና አዲሱን ጽሑፍ በዲስክ ይዞ ይሄዳል፤ በመልሱም የወንዙን ከፍታ ንባብና በአካባቢው የተጻፈውን ይዞ ይመጣል። ቦዩ በሁለቱም አቅጣጫ ይፈሳል ማለት ነው።

የዚህ ማኅበር አባላትም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። በሚፈርሙት የጥናትና የንድፍ ውል ውስጥ፣ ባለቤቱ መሥሪያ ቤት እስከ ፈቀደ ድረስ፣ የሪፖርቱ አንድ ቅጂ ሥራው በሚከናወንበት አካባቢ ላለው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት እንዲሰጥ የሚያዝ አንድ አንቀጽ ቢያስገቡ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ የሚጠራቀመው ሀብት በማንኛውም በጀት የማይገዛ ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው የአንድ ቅጂ ወረቀትና ጥራዝ ብቻ ነው።

ኦሞ እንደገና መሙላቱ፣ ሐይቁም ከፍና ዝቅ ማለቱ አይቀርም። በዚያን ጊዜ በኦሞራቴ የሚቆመው መሐንዲስ፣ ምናልባትም ከዳሰነች ልጆች አንዱ ሊሆን ይችላል፣ የቀደሙት የለኩትን አግኝቶ ከዚያ እንዲቀጥል ወይም ከባዶ እንዲጀምር የሚወስነው ዛሬ በቤተ መጻሕፍት የበጀት ሰሌዳ ላይ የሚሰፈረው አኃዝ ነው።